አሮጌ ብስክሌት ናያግራ ያደርሳል?

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይላል ያገራችን ሰው። አሮጌ ብስክሌት የሚሸጥ ሰውም እንዲሁ ነው። ስለ ብስክሌቱ ስትጠይቁት የሚነግራችሁ ስለ ዘመዶቹ ነው። «እንግሊዝ ሠራሽ ነው»፣ «ጣልያኖች የሚወዳደሩበት ዓይነት ነው»፣ «እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ ከየት ይገኛል!» ይላችኋል። አጎቱ የት እንደሮጠ፣ አያቱ ስንት ዋንጫ እንዳመጣ ትሰማላችሁ። ጭነት ይችል እንደሆነ፣ ዳገት ይወጣ እንደሆነ፣ ዝናብ ሲዘንብ ይቆም እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም።

ጉዳዩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በጋ ዳንፎርዝ ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ከተሠመረ ወዲህ በዚህ ጎዳና የሚጋልቡ የኛ ልጆች በዝተዋል። ድሮ ብስክሌት ላይ የምናየው ሐበሻ ወይ ምግብ አድራሽ ነው፣ ወይ የአውቶቡስ ገንዘብ ያጠረው ነው። አሁን ግን ድንኳን ጭነው፣ የሐይቁን ዳር ይዘው፣ ሐሚልተን አልፎም ናያግራ ድረስ የሚሄዱ አሉ። ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተሠራ አዲስ ብስክሌት ደግሞ ከሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ዓይናቸው አሮጌ ላይ ያርፋል። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ብስክሌት ይዩልኝ» የሚለኝ ሰው ከግሪንውድ እስከ ውድባይን ድረስ አጥቼ አላውቅም።

ለምን እኔን? ያደግሁት ባሕር ዳር፣ አጎቴ የብስክሌት መጠገኛ ደጃፍ ላይ ነው። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ሜዳ ከተማ ነች፣ በብስክሌቷም የታወቀች ነች። እዚያ ብስክሌት መዝናኛ ብቻ አይደለም። ውሃ በጀሪካን፣ እህል በጆንያ፣ ታናሽ ወንድም በፖርቶ መጋላ ይጫንበታል። የአጎቴ ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነበር፤ ካቴና፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ... ጣልያን ካገራችን ሲወጣ ቃላቱን ለጎሚስታዎቻችን ጥሎላቸው ሄዷል። እኔም እስከ ዛሬ በዚሁ ቋንቋ ነው የማስበው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት በሜይ ወር አንድ ልጅ መጣ። ካናዳ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል። አምስት መቶ ዶላር አጠራቅሟል። አሳቡ በኦገስት ፈቃዱን ወስዶ ናያግራ በብስክሌት መሄድ ነው። እኛ እንኳ አገር ቤት ያለ ዘመድ በመጣ ቁጥር በመኪና ጭነን ፏፏቴውን እንደ ጠበል የምናሳልም ሕዝብ ነን። «ለምን በብስክሌት?» ብለው፣

«ጋሼ፣ ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አገር ያየሁት በምድር ውስጥ ባቡር መስኮት ነው። መስኮቱ ደግሞ ጨለማ ነው» አለኝ።

ምን መልስ አለኝ? ታላቅ ወንድሙ ግን «ብስክሌት የልጅ ነገር ነው፣ ይልቅ መኪና ግዛ» እያለ እንደሚጨቀጭቀው ነገረኝ። ወንድምህን እንዲህ በለው አልኩት፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልበርን ላይ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ጽጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የልጅ ነገር አይደለም።

ልጁ አስቀድሞ ዓይኑን የጣለበት ብስክሌት ነበር። አብረን ሄድን። ቀይ ነው፣ እንደ መስተዋት ያበራል፣ ትልቅ የጣልያን ስም ተጽፎበታል። ሻጩ 450 ዶላር ጠየቀ፤ ስለ አጎቱም በሰፊው አወራን። ልጁ ልቡ ወልቆ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከመሪው አንገት በስተኋላ ባለው በታችኛው ቧንቧ ሆድ ላይ አሳለፍሁ። የገብስ ቅንጣት የምታህል ጉብታ አገኘሁ፤ ከላይኛውም ቧንቧ ሥር እንዲሁ።

ይህ ምልክት ምን ማለት መሰላችሁ? ብስክሌት ከፊት ሲጋጭ የፊት ሹካው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ግፊቱ በአንገቱ በኩል አልፎ ሁለቱን ቧንቧዎች ያጨማድዳቸዋል። ቀለም ቢቀቡት ቀለሙ ይሸፈናል እንጂ ቅርጹ አይሸፈንም። ከጎን ቆሜ ስመለከትም የሹካው የላይኛው ቀጥ ያለ ክፍል ከአንገቱ ቧንቧ ጋር መስመሩን አልጠበቀም፤ ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሏል። ባዶውን በከተማ ሲነዱት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሻንጣ ተጭኖበት ቁልቁለት ሲወርድ ግን ያ ጉብታ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚሰበረው ብስክሌቱ ብቻ አይሆንም። ሻጩ «የቀለም ጠብታ ነው» አለ። አመስግነን ወጣን።

ልጁ መንገዱን ሁሉ ኩርፍ አለ። «ተከራክረን 300 ብናደርሰውስ?» አለኝ። ገጣባ በቅሎን ግላስ ቢያለብሷት ገጣባነቷ አይቀርም አልኩት። ሌላም ነገር ነገርኩት። ያ ብስክሌት ጤነኛ ቢሆን እንኳ ላንተ አይሆንም፤ የኮርቻ በቅሎና የጭነት በቅሎ ይለያያሉ። የኮርቻዋ እርምጃዋ ያማረ ነው፣ ጨው ግን አትጭንም።

ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ በአራት ነገር ይታወቃል፤ ሜትርና ዓይን ይበቃል።

አንደኛ፣ ከፔዳሉ መሃል እስከ ኋላው ጎማ መሃል ያለውን ርቀት መለካት ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌት 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጉዞ የሚሆነው 43 እና ከዚያ በላይ ነው። አጭር ከሆነ በየዙሩ ተረከዝህ ሻንጣውን ይመታል። ሻንጣውን ወደ ኋላ ብትገፋው ደግሞ ክብደቱ ከጎማው በስተኋላ ስለሚወድቅ ብስክሌቱ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል።

ሁለተኛ፣ የኋላው ጎማ ከቴላዮው ጋር በሚታሠርበት ቦታ ላይ ፖርቶ መጋላ በቪቴ የሚታሠርባቸው ቀዳዳዎች መኖራቸው ነው። እነዚህ ከሌሉ ሠሪው ጭነት አላሰበም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጎማው ከፍሬኑና ከቴላዮው ጋር ያለው ክፍተት ነው። ለጉዞ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማና የጭቃ መከላከያ መግባት አለበት። የእሽቅድምድሙ 23 ወይም 25 ካስገባ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማርሹ ነው። የፊቱን ትንሹን ጥርስ ቁጠር፣ የኋላውን ትልቁን ጥርስ ቁጠር፣ የፊቱን ለኋላው አካፍል። ያ ቀይ ብስክሌት በፊት 42፣ በኋላ 21 ነበረው። ሁለት ማለት ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ይኸውም ከ4 ሜትር በላይ ነው። በዳገት ላይ ጭነት ይዞ በየዙሩ 4 ሜትር መግፋት የሃያ ዓመት ባለሙያ ጉልበት ይጠይቃል። ሌሊት ካርቶን ሲያነሣ ያደረ ሰው ጉልበት አይበቃውም።

ልጁ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እንዲህ ያለውን ከየት እናገኛለን?» አለኝ። ያን ጊዜ አንዲት እህታችን ትዝ አሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ሰውየው በካርቱም በኩል በ1986 (እ.ኤ.አ.) ካናዳ የገቡ ነበሩ። ያኔ ፋብሪካ የሚሄዱበት ብስክሌት ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ወይዘሮዋ ሊሸጡት ያስባሉ፤ አንድ ጎረቤት «የጥንት ዕቃ ስለሆነ ስድስት መቶ ያወጣል» ብሏቸዋል።

ሄድን። ቡና ተፈላ። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረድን። ብስክሌቱ አቧራ ለብሷል፣ ቀለሙ ቡናማ ነው፣ ስሙ ከቧንቧው ላይ ተላልጦ አይነበብም። የልጁ ፊት ወደቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የፋብሪካው ቀለም ነው፣ ማንም አልቀባውም። የደበዘዘ የፋብሪካ ቀለም ያለፈውን ሁሉ ይናገራል።

ጣቴን በሁለቱም ቧንቧዎች ሆድ ላይ አሳለፍሁ፤ ለስላሳ ነው። ክር አስመጣሁና ከኋላው ጎማ ማሠሪያ ከአንዱ ጎን ጀምሬ በመሪው አንገት ዙሪያ አዙሬ በሌላው ጎን መለስሁት። ከዚያ ከክሩ እስከ ኮርቻው ቧንቧ ያለውን በግራና በቀኝ ለካሁ፤ እኩል ነው። ቴላዮው አልተጣመመም ማለት ነው። የኮርቻውን ዘንግ ፈትቼ ሳብሁት፤ ወጣ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አሮጌ ብስክሌት ላይ ዘንጉ ከቧንቧው ጋር ዝጎ ከተጣበቀ ቁመቱን ለማስተካከል አይቻልም፤ ለማውጣት ሲታገሉም ቴላዮውን ይሰብሩታል። በቀዳዳው በኩል በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ አየሁ፤ ዝገቱ ከላይ ብቻ ነው። ፊቱን ከመሬት አንሥቼ መሪውን በዝግታ አዞርሁ፤ መሃል ላይ አልነከሰም፣ ኩሽኔታው ደህና ነው።

ልጁን በላዩ አቆምሁት። እግሩ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ አርፎ የላይኛው ቧንቧ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቀረ። ሟቹ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ልጁም ረጅም ነው። በቁመት የማይስማማ ብስክሌት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ወገብ ይቆርጣል።

በሜትር ለካሁ፤ 44 ሴንቲ ሜትር። ቀዳዳዎቹም አሉ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሜን አሜሪካ በአሥር ማርሽ ብስክሌት ባበደችበት ዘመን የተሠራ የጃፓን ዕቃ ነው። ማርሽ ቀያሪው ሰንቱር ይላል፤ ይህ በዘመኑ የተመሰገነ ሥራ ነበር። የጃፓን መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ የብሎኑ ጥርስ ዛሬ ከሚገኘው መለዋወጫ ጋር ይስማማል። የድሮ ፈረንሳይ ሠራሽ ብስክሌቶች የራሳቸው ልዩ ጥርስ ስላላቸው አንዲት ኩሽኔታ ለመለወጥ ከተማውን መዞር አለ። ስም ቢሆን ደግሞ እዚሁ ቶሮንቶ የሚታወቀው ሲ.ሲ.ኤም. በ1899 ተቋቁሞ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ከሥሯል፤ ስሙ ግን ዛሬም በሌላ ብስክሌት ላይ ይለጠፋል። ስም ይሸጣል፣ ይገዛል። ቧንቧው ግን ያው የሠሩት ቧንቧ ነው።

ጉድለቱስ? ጉድለቱ ብዙ ነው። ጎማዎቹ እንደ ደረቅ ኩሬ ተሰነጣጥቀዋል። ካቴናው ተስቧል፤ 12 ኢንች መሆን የሚገባው ከሩብ ኢንች በላይ አልፏል። ቸርኬዎቹ የብረት ናቸው፤ የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል፣ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ይህ የሞት ነገር ነው። የጎማውን ሽቦዎች እንደ ክራር አንድ በአንድ መታሁ፤ ቅኝታቸው ተለያይቷል፣ አንዳንዶቹ ድምፅም የላቸው። ማርሹ በፊት 40፣ በኋላ 28 ነው፤ በአንድ ዙር 3 ሜትር ገደማ። ከቀዩ ይሻላል፣ ግን አይበቃም።

ወደ ላይ ወጥተን በአንድ ኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ጻፍሁ። ሁለት የአሉሚኒየም ቸርኬ ከነሽቦው 200፤ ጎማና ካላማዳሪ 90፤ የኋላ ጥርስና ካቴና 70፤ የፍሬን ላስቲክና ገመድ 40። ድምሩ 400 ዶላር። ፖርቶ መጋላው ከኔ ዘንድ አለ፣ የእጅ ሥራውም በነፃ ነው። ልጁ ያለው 500 ነው።

አሁን አስቸጋሪው ነገር መጣ። ወይዘሮዋ የሚጠብቁት 600 ነው። ብዋሽ ልጁ ይጎዳል። እውነቱን ብናገር ደግሞ «የልጁን ጎን ይዞ የሙት ዕቃ አረከሰ» ልባል ነው። በዚህ በኛ ሰፈር አንዲት ቃል ከፓፕ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅባትም። ቢሆንም ኤንቨሎፑን ፊታቸው አስቀመጥሁ።

«እትዬ፣ ለከተማ መንሸርሸሪያ የሚፈልገው ሰው ካገኙ 150 ሊከፍልዎ ይችላል፤ ጊዜ ከሰጡት ይገኛል። ስድስት መቶ ግን አያወጣም። ለዚህ ልጅ ጉዞ ከሆነ የሚረባው ቴላዮው ነው፤ ቀሪው ሁሉ መለወጥ አለበት። ለሱ ከመቶ በላይ አይሆንለትም» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ኤንቨሎፑን አንሥተው አነበቡት።

«ወንድሜ፣ እሱ እኮ በዚህ ብስክሌት ነው ያሳደገን» አሉ። «ሌሊት በአሥር ሰዓት አውቶቡስ ሳይጀምር፣ በበረዶው...»

«አውቃለሁ እትዬ። ቴላዮው ጤነኛ የሆነው እሳቸው ስለጠበቁት ነው። ክብሩ ሌላ፣ ዋጋው ሌላ ነው።»

ወደ ልጁ ዞረው የት እንደሚሄድበት ጠየቁት። ናያግራ አላቸው። ከአገር ቤት የትኛው አካባቢ እንደመጣ፣ እናቱ እንዳሉ፣ ሌሊት ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። መጨረሻ ላይ «መቶውን እቀበላለሁ። በነፃ ብሰጥህ የኔ ይመስለኛል፣ ብትገዛው ግን ያንተ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ቀለሙን እንዳትለውጥብኝ» አሉት። ልጁ ቃል ገባ።

ሁለት ቅዳሜ ሠራንበት። አዲሶቹ ቸርኬዎች ዛሬ በብዛት የሚገኘው 622 የሚባለው ልክ ናቸው፤ የድሮው 27 ኢንች 630 ነው። ልዩነቱ በዲያሜትር 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፍሬኑ ላስቲክ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ የኛው ፍሬን ክንዱ ረጅም ስለነበር ደረሰ። ይህን ሳይለኩ ቸርኬ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ያቃጥላሉ። በኋላ 34 ጥርስ አደረግንለት፤ ያ ሰንቱር ክንዱ ረጅም ስለሆነ ቻለው። አሁን በአንድ ዙር 2 ሜትር ተኩል ሆነ።

ከዚያ ፈተናው። ፖርቶ መጋላው ላይ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት በቺንጊያ አሠርንና ብሮድቪው አጠገብ ወዳለችው ፖተሪ ሮድ ወሰድነው። ያቺን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቃታል። መጀመሪያ ወርዶ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ በፍሬን እንዲቆም አደረግሁት፤ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ወጣ፤ ላብ አጠመቀው፣ እግሩን ግን መሬት አላስነካም። ሰዎች ብስክሌት የሚፈትኑት ባዶውን፣ በሜዳ፣ በሱቁ ደጃፍ ላይ ነው። በቅሎ ሳትጫን ትፈተናለች እንዴ?

በኦገስት ሄደ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሐሚልተን ወዳጁ ዘንድ አደረ። መንገዱ በሙሉ ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው የሐይቅ ዳር ሜዳ ነው። ኩዊንስተን ሲደርሱ ግን ገደሉ ይመጣል። ፏፏቴው ራሱ ከ12 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሚወርደው እዚያው ኩዊንስተን ላይ ነበር፤ ድንጋዩን እየበላ ነው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የሄደው። በብስክሌት የሚሄድ ሰው ይህን በጉልበቱ ይማራል። ልጁ ያቺን ዳገት በ34 ጥርሷ ቀስ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ብስክሌቱን ጎ ባቡር ላይ ጭኖ መጣ። ለወይዘሮዋ ፎቶግራፍ ወሰደላቸው፤ ቡናማው ብስክሌት ከፏፏቴው አጥር ተደግፎ፣ ቀለሙ እንዳለ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በዚህ በጋ አሮጌ ብስክሌት ልትገዙ የምታስቡ ሁሉ፣ ስሙን አንብባችሁ ስትጨርሱ ጣታችሁን በቧንቧው ሆድ ላይ አሳልፉ። ጥርሱን ቁጠሩ፣ ከፔዳል እስከ ጎማ ለኩ፣ የኮርቻው ዘንግ መውጣቱን እዩ። ከዋጋው ላይ የጎማውን፣ የካቴናውንና የቸርኬውን ሒሳብ ደምሩ። በድምሩ ከአዲሱ የሚበልጥ ከሆነ አዲሱን ግዙ። ቴላዮው የተጋጨ ከሆነ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም እንኳ አመስግናችሁ ውጡ።

የምትሸጡም ብትሆኑ፣ ዕቃው የደረሰበትን ለገዢው ንገሩት። የሚጋልበው የሰው ልጅ ነው።

ቸር እንሰንብት።